ደብረ ብርሃን ላይ ግቢያችንን አስፋልት ላለበሱልን ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት የእህል ነጋዴዎች በጋራ የያዝነው መጋዘንና የጭነት መኪና ማቆሚያ ግቢ አለ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ ይጫንበታል፣ ይራገፍበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር መኪና ጭቃ ውስጥ ይሰምጥና በሌላ መኪና ይጎተታል። ዘንድሮ ግቢውንም ከዋናው መንገድ የሚያስገባውን መግቢያም አስፋልት አለበስነው። ይህን የምጽፈው ሥራውን የሠሩልንን ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁም ሳታናግሯቸው ከማንም ጋር እንዳትፈርሙ።

ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ የጨረሱ ፎርማን ናቸው። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ በጥገና ጊዜ ያልረገጡት ኩርባ የለም። አሁን የራሳቸውን አነስተኛ ቡድን ይዘው ይሠራሉ። ማንጠፊያ ማሽኑንና ሮለሩን ይከራያሉ፣ አስፋልቱን ከማምረቻ ይገዛሉ። የራሳቸው የሆነው ልምዳቸውና አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆች ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው ላውራ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

እሳቸውን ከማግኘታችን በፊት ከተለያየ ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበን ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። "አስፋልት ሥራ፣ በካሬ ይህን ያህል ብር" ይላል፣ ከሥር ማህተም፣ አለቀ። አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ይረክሳል። የአባላቱ ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ ተተክሎ ነበር። ጋሼ ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ ወረቀቶቹን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡና "ስንት ሴንቲ ነው ይሄ?" አሉ። አንዱም ላይ አልተጻፈም። "ሲነጠፍ ነው ወይስ ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ?" ይህም የለም።

ከዚያ ፕሮፎርማውን ገልብጠው ጀርባው ላይ አሰሉልን። ተጠቅጥቆ ያለቀ አስፋልት አንድ ሜትር ኩብ ወደ 2.35 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ወደ 117 ኪሎ ነው። 3 ሴንቲ ከሆነ 70 ኪሎ ብቻ። "በካሬ" ሲባል ሁለቱም በካሬ ናቸው፤ የሚቀበሉት ዕቃ ግን በጣም ይለያያል። ደግሞም ተጠቅጥቆ 5 ሴንቲ እንዲወጣ ሲነጠፍ ከ6 ሴንቲ በላይ መሆን አለበት፤ ሮለር ሲሄድበት ይወርዳል። ረካሹ ጋ ደውለን ስንጠይቅ መልሱ 3 ሴንቲ ሆነ። ያውም ሳይጠቀጠቅ!

ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ቀጥለው ያሳዩን ነገር ነው። እያንዳንዱ ገልባጭ ከማምረቻው ሲወጣ ይመዘናል፣ የሚዛን ወረቀት ይዞ ይመጣል። 25 ቶን የጫነ መኪና በ5 ሴንቲ ወደ 210 ካሬ መሸፈን አለበት። 300 ካሬ ከሸፈነ አስፋልቱ ሳስቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ውላችን ላይ "ተጠቅጥቆ 5 ሴንቲ፣ ክፍያው በሚዛን ወረቀት ተመሳክሮ" የሚለውን አንቀጽ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። እኛ አልጠየቅናቸውም። ደንበኛው እንዲቆጣጠረው ብሎ እንዲህ ያለ አንቀጽ በራሱ ውል ላይ የሚያስገባ ሰው ስንት ጊዜ ያጋጥማል?

አስፋልት ለምን እንዲህ ተወደደ ለሚለውም መልስ ነበራቸው። ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ጠጠርና የድንጋይ ዱቄት ነው። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ብርቅ አይደለም፣ የትም ብትቆፍሩ እሱ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው የቀረው 5 በመቶ ገደማ የሆነው ሬንጅ ነው፣ በወረቀት ላይ ቢቱመን የሚባለው። በእኛ 117 ኪሎ ውስጥ 6 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህ ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ናፍጣው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከታች የሚቀረው ወፍራሙ ነው። አገራችን ማጣሪያ የላትም። የአሰቡ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ሥራ አቁሟል። ስለዚህ ሬንጁ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የአስፋልት ዋጋ በዚያው ይቆያል ብሎ የሚጠብቅ የለም መቼም። በዚያ ላይ ጠጠሩ ሬንጅ ከመቀባቱ በፊት በእሳት ደርቆ መጋል አለበት፣ እሱም ነዳጅ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ የበለጠ ይበላል።

ይህን ሁሉ ያስረዱን ዋጋቸውን ለማስወደድ መስሏቸው የነበሩ አባላት ነበሩ። ቀጥሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጋሼ የአስፋልቱን ስፋት ቀነሱብን!

ግቢያችን አንድ ጥግ ላይ መኪኖች የሚጠገኑበት፣ ናፍጣ የሚቀዳበት ቦታ አለ። "እዚህ ላይ አስፋልት አልሠራም፣ ኮንክሪት አድርጉ" አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሬንጅ ከነዳጅ የመጣ ነውና ናፍጣ ሲፈስበት ይሟሟል፣ ይለሰልሳል፣ ጠጠሩን ይለቃል። ከኋላ ያለውን፣ ባዶ መኪና ብቻ የሚያድርበትን ቦታ ደግሞ ከሌላ መንገድ ተፍቆ የወጣ አሮጌ አስፋልት አምጥተው ደልድለው ጠቀጠቁት። የወረደው ዋጋ ከፍተኛ ነው። እሳቸው ግን ያንን ያህል ሥራ አጡ።

የተረፈውን ገንዘብ መሬት ውስጥ አስቀበሩን። በእርግጥም አስቀበሩን፤ መሬታችን መረሬ ነው። እንደ እነዋሪ ጥቁር አፈር፣ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእሱ ላይ የትኛውም አስፋልት ቢነጠፍ አብሮ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር አስወጥተው ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ መሙያ አፈር ሞሉ፣ በላዩ የተፈጨ ድንጋይ በየደረጃው እያጠጡ ጠቀጠቁ። ለውሃውም መውረጃ ቦይ ሠሩ። "ጭነቱን የሚሸከመው ድንጋዩ ነው፣ አስፋልቱ ክዳን ነው" ይላሉ። አንዳንዱ አባል ገንዘቡ አፈር ውስጥ ሲገባ እያየ ፊቱን ማጥቆሩ አልቀረም።

ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ቀጭን ሬንጅ ረጩበትና ሄዱ። ድንጋዩ ሬንጁን እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ በእኛ ብርድ ደግሞ ይቆያል። ሰፈሩ ግን "ጥቁር ቀለም ቀብቶ ጠፋ" ብሎ አወራ። ስልክ ስደውል አያነሱም። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ የጋሼ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። ሥራ ላይ ካሉ ስልክ አይነሳም፣ መልሰው የሚደውሉት ማታ ነው። ቁጡም ናቸው። ልጆቹ ላይ ሲጮሁ የሰማ ሰው ጠብ ይመስለዋል።

የማንጠፉ ሥራ ኅዳር ላይ ዋለ። የኅዳርን ውርጭ ለምታውቁት አልነግራችሁም፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ጋሼ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አንድ አካፋ አላስነኩም። አስፋልቱ ከማምረቻው የሚወጣው በ150 እና በ160 ዲግሪ መካከል ነው። ወደ 80 ዲግሪ ሳይወርድ ተጠቅጥቆ ማለቅ አለበት። ከዚያ በታች ሮለሩ ቢመላለስ ድንጋይ መስበር እንጂ መጠቅጠቅ አይችልም። በቀዝቃዛ መሬት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ሲመጣ ሸራው ተገልጦ ዘንግ ቴርሞሜትር ይሰካበታል።

አንዱ ገልባጭ ጫጫ አካባቢ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቶ መጣ። ቴርሞሜትሩ ሲሰካ ከ100 ብዙም ፈቀቅ አላለም። ሾፌሩ "ጋሼ፣ መሐሉ ትኩስ ነው እኮ፣ ይኸው ይጨሳል!" ብሎ ለመነ። "ልጄ፣ አስፋልት እንደ ገንፎ ነው። ከበረደ በኋላ ቅቤ ብታፈስበት አይመለስም" አሉት። መኪናው ከነጭነቱ ተመለሰ። ኪሳራውን ከማምረቻው ጋር እንዴት እንደተካፈሉት አላውቅም፣ እኛ ላይ ግን አምስት ሳንቲም አልጨመሩም። ቢያነጥፉት የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ጠጠሩ እየተፈነቀለ ሲወጣ ነበር የሚታወቀው፤ ያኔ ማን ማንን ያገኛል?

ከታች ቆላው ላይ ለምትሠሩም አንድ ነገር ነግረውኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሬንጅ አይታዘዝም። ለቆላው 60/70 የሚባለው ጠንከር ያለ የሬንጅ ደረጃ፣ ለደጋው 80/100 የሚባለው ለስለስ ያለው ይመረጣል። ለስላሳውን ሸዋ ሮቢት ብታነጥፉት በሙቀቱ ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ቦይ ያወጣበታል። ፕሮፎርማ ስትቀበሉ ከውፍረቱ ቀጥሎ ይህንን ጠይቁ።

ምስጋናዬ ለጋሼ ብቻ አይደለም። ትኩሱን አስፋልት በእጃቸው እያስተካከሉ፣ ከእግራቸው ሥር እሳት፣ ከላይ ብርድ እየመታቸው ለዋሉት ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫፍ ጫፉን እንዴት እንዳስተካከሉት መጥታችሁ እዩ። ሻይና ዳቦ ሳያቋርጡ ላቀረቡልን ለበር ላይዋ እትዬም እንዲሁ።

ጋሼን ለምትፈልጉ፦ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ይሠራሉ። ክረምት አይሠሩም፣ ብትለምኗቸውም አይሠሩም። ጉድጓድ መድፈንም ይቀበላሉ። ለአንድ በር መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ከጎረቤት ጋር ተሰባሰቡ፤ ማሽን የማጓጓዣው ወጪ ለ50 ካሬም ለ500 ካሬም ያው ነው። ርካሽ አይደሉም፣ ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃሉ፣ በደረሰኝ።

ግቢውን አይቶ መወሰን የሚፈልግ በማንኛውም የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ ይበል። ቅዳሜ ብቻ አትምጡ፣ ገበያ ስለሆነ ከመኪናና ከጆንያ በቀር የሚታይ መሬት የለም።