የዱቤ መመዝገቢያው ሶፍትዌር፦ ከ8 ወር በኋላ

በግንቦት 2017 ለሕንፃ መሣሪያ መደብራችን ሽያጭ፣ ክምችትና ዱቤ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ገዛን። የመረጥኩት ገጹ ሁሉ በአማርኛ ስለሆነ ነው። በክምችቱ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ ሲሚንቶ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ይነግረናል፣ ቆጠራውም ከመጋዘኑ ጋር ይገጥማል። ዱቤው ላይ ግን አንገብግቦናል።

እትዬ ፀሐይ ሰርቪስ ቤት ሲያሠሩ ዕቃ የሚወስዱት ከእኛ ነበር። ጥቅምት ላይ ሊከፍሉ መጡ። ስማቸውን ፈልጌ «4,200 ብር» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ደብተር ገለጡ። «ልጄ፣ ቆርቆሮውስ? ሚስማሩንም ወስጃለሁ እኮ» አሉኝ። ስንፈትሽ እትዬ ፀሐይ ሦስት ሰው ሆነው ተመዝግበዋል። እኔ «ፀሐይ»፣ እህቴ «ጸሐይ»፣ ሠራተኛችን «ጸሀይ» ብለን ነው የምንጽፈው። ፍለጋው በአንዱ ሲጠሩት ሌላውን አያመጣም፤ ስሙ የለም ሲለን እያንዳንዳችን አዲስ ደንበኛ ከፍተናል። ጠቅላላ ዕዳው 19,650 ብር ነበር። እሳቸው ባይናገሩ 15,450 ብር ቀልጦ ቀርቶ ነበር።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መለያ) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ መግባትም ያለበት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ለኮምፒውተሩ ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጸ እና ፀ ሲጨመሩ ይህች አንዲት ስም በ12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፣ ሲፈለግ ብቻ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይታዩ። ለሶፍትዌሩ ሻጮች ስደውል ያገኘሁት መልስ ግን «ሁላችሁም በትክክለኛው ፊደል ጻፉ» የሚል ነው። በጣም አዘንኩ። ወረፋ ቆሞ፣ መኪና ላይ ብረት እየተጫነ፣ የትኛው ሐ እንደሆነ ደንበኛ ይጠየቃል?

ሌላው ጳጉሜ ነው። ጳጉሜ 1 ጠዋት የመጀመሪያውን ሽያጭ ላስገባ ስል የወር ዝርዝሩ ነሐሴ ላይ ያበቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሠራል ተብሎ የተሸጠልን ሶፍትዌር ነው! የአምስቱን ቀን ሽያጭ በወረቀት ይዘን በኋላ ነሐሴ 30 ላይ ጫንነው። አሁን ሪፖርቱን ያየ ሁሉ ያን ቀን ምን ተገኝቶ ነው ይላል።

ከጥቅምት ወዲህ ደንበኛ የምንፈልገው በስልክ ቁጥር ነው፤ ስልክ ያልተሞላበት ዱቤ አንመዘግብም። የድሮው የዱቤ ደብተርም ከመሳቢያ ወጥቶ ጎን ለጎን ይጻፋል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ኃይሉ» ብላችሁ መዝግቡና «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጉ። ቀን መምረጫውንም ከፍታችሁ ጳጉሜ መኖሩን እዩ። የእኛ የዓመት ክፍያ ግንቦት ላይ ያበቃል፤ እስከዚያ ፍለጋው ካልተስተካከለ አላድስም።