«ተይው፣ ይድረቅ» ላሉኝ መምህሬ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዛሬ የመጣሁት አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናም አለብኝ። ሰውየው ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም። «ሱቅ አልከፈትኩ፣ ምን ያስለፈልፍሻል?» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ የውሃ ቀለም ሥዕል ያስተምራሉ። ሽሮ ሜዳ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት። ከስድስት ሰው በላይ አይቀበሉም፤ ጠረጴዛቸው የሚችለው ስድስት ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። አንድ ሳንቲም ከጎደለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብሩሽ ስይዝም ያችው ሴት ነኝ። ጋሼ ጋ ከመሄዴ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ወር ተምሬ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። እዚያ ፎቶ ይሰጠናል። ፎቶው ላይ በማስመሪያ ካሬ ካሬ እናሰምራለን፣ ወረቀታችን ላይም እንደዚያው፣ ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ ነው። በሁለት ወር አንዲት ጀበና ሠራሁ። ጀበናዋ ጀበና መስላለች፣ አይካድም። ግን ቤት ወስጄ ስሰቅላት ምንም ደስ አላለኝም። ቢሮ ያመሸሁ ነው የመሰለኝ።

ጋሼ ጋ የመጀመሪያው ቀን ቀለም አልነበረም። ቡና ተፈላ። ልጃቸው አቦሉን ቀዳችልን፣ ጠጣን። ጋሼ ከአቦሉ ትንሽ ለብቻ በሲኒ አስቀመጡ። ቶናው ሲመጣ ከሱም አስቀመጡ። በረካው ሲመጣም እንደዚያው። ከዚያ ሦስቱን ሲኒ ፊቴ ደረደሩና ብሩሽ አቀብለውኝ «በይ የግቢውን በር ሳዪው» አሉኝ። በቡና! አቦሉ ለጥላው፣ ቶናው ለበሩ፣ በረካው ፀሐይ ለመታው ግድግዳ። ለካ ቀዩና ሰማያዊው ሳይመጣ፣ ጨለማውና ብርሃኑ ቦታ ቦታውን ከያዘ በሩ በር ይሆናል። ስለ ቀለም መወፈርና መቅጠን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። ቡና የሚጠጣ ሁሉ ይገባዋል።

ነጭ ቀለም ሳጥናቸው ውስጥ የለም። «ነጩ ወረቀቱ ነው» ይላሉ። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ከመጀመሪያው ሳይነኩ ማለፍ ነው፤ አንዴ ከሸፈኑት መመለሱ ጣጣ ነው። ይሄ እንኳን ወዲያው ነው የገባኝ። መጠባበቂያ መያዝ ማለት ነው።

የከበደኝ ሌላው ነው። እጄ አያርፍም። ቀለም እንደፈለገው ሲፈስ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰማይ እንሠራ ነበር። ወረቀቱን በውሃ አራስን፣ ሰማያዊውን ለቀቅንበት፣ ደስ ሲል! ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጥግ ገረጣብኝ። ውሃ የጠገበ ብሩሽ ጣል አደረግኩበት። ወረቀቱ ለካ መድረቅ ጀምሯል። አዲሱ ውሃ ቀለሙን ወደ ዳር ገፋውና እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዝ የተጨማደደ ክብ ሠራ። ደንግጬ ሶፍት አነሳሁ። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ ይድረቅ።»

«ተበላሸ እኮ ጋሼ!»

«ገና አልጨረሰም። ሳይጨርስ ምን አስፈረደሽ?»

ብሩሼን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። የገዛ ብሩሼን! ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስንጎራደድ ቆየሁ። ስመለስ ደርቋል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈዛል፤ ያ ያስፈራኝ ሰማያዊ ረጋ ብሏል። የተጨማደደው ክብ ደግሞ የዋርካ አናት መስሎ ቁጭ ብሏል። ከጎኔ ካለችው ልጅ ቀጭን ብሩሽ ተውሼ ግንድ ሠራሁለት። ሁለት መስመር ብቻ። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። አስቤበት ብሠራው አይወጣልኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብልግናው በዝቷል። እርጥብ ቀለም ላይ ጨው እበትናለሁ። እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን ያለውን ውሃና ቀለም ትመጥጣለች፤ ሲደርቅና ጨው ሲራገፍ ኮከብ የመሰለ ነጠብጣብ ይቀራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽም እረጫለሁ። ዘንድሮ መስከረም ላይ አደይ አበባ ስንሠራ አንዲትም ቅጠል አልሳልኩም። ቢጫውን ረጨሁ፣ አረንጓዴውን ከጎኑ ለቀቅኩ፣ የሚገናኙበትን ለራሳቸው ተውኩላቸው። እናቴ አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ትንሽ ራቅ ብላ ደግማ አየችና «እንጦጦ ነው እንዴ?» አለች። ነው እኮ!

ጋሼ ዕቃ አያስበዙም። አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ ይበቃል፤ ቡኒውንም ግራጫውንም ከሦስቱ ታወጣላችሁ። ወረቀት ላይ ግን አይደራደሩም። ወፍራሙ፣ 300 ግራም የሚባለው ነው። የደብተርና የፎቶኮፒ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። ደህናው ወረቀት ውድ ስለሆነ አንዱን ሉክ ስምንት ቦታ ቆርጠው ያካፍሉናል፤ ጀርባውም አይቀርም፣ ይሠራበታል። ቀለሙን የሚያያይዘው የግራር ሙጫ እንደሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ከሱዳንም ከእኛም ቆላ ይለቀማል። «ሙጫው ከዚህ ሄዶ በቲዩብ ታሽጎ በእሳት ዋጋ ይመለስልናል» እያሉ ይንገበገባሉ። በዚህ ርዕስ ካስጀመራችኋቸው የዕለቱ ትምህርት አለቀ።

ለሁሉም ሰው ላይመቹ ይችላሉ። ሰርተፊኬት የለም። የሰው መልክ ቁርጥ አድርጎ መሳል የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ፤ ራሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሦስት ሰዓት ተብሎ ሦስት ተኩል ይጀመራል፣ ቡናው ሳይፈላ አይሆንማ። በክረምት ወረቀቱ አልደርቅ ብሎ ያሰቃያል። አንድ ቀን የፀጉር ማድረቂያ ይዤ ብሄድ ከበር አስመለሱኝ። መግቢያው ጭቃ ስለሆነ ደህና ጫማ አታድርጉ። ማሞገስም አይሆንላቸውም። ትልቁ ሙገሳቸው «እህ» ነው። ዋርካዬን አይተው ሁለቴ «እህ» ብለዋል። ቆጥሬያለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ራስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ልጅዎ ታነብልዎታለች። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎት። ቅዳሜ ጠዋት ነቅቼ ስልኬን ሳልነካ የምወጣው በእርስዎ ምክንያት ነው።

ከኅዳር ጀምሮ ሁለት ቦታ ክፍት አላቸው። መማር የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ስትደውሉ ታገሱ፣ እጃቸው እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አያነሱም። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የማትሳሱላቸው ሦስት ሲኒዎች ይዛችሁ ሂዱ። ብሩሻችሁ ላይ ስማችሁን መጻፍ እንዳትረሱ። የእኔ እስካሁን ኪሳቸው ውስጥ ነው።