ልጄን ነጭ ቀበቶ መልሶ ላስታጠቀው ሳቦም

ልጄን ቴኳንዶ ያስመዘገብኩት ሶፋዬን ሊጨርሰው ስለሆነ ነው። አሥር ዓመቱ ነው፤ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም። እዛ ደክሞት ይምጣና ይተኛልኝ ብዬ እንጂ ፍልስፍና ፈልጌ አልነበረም።

ቢጫ ቀበቶ ባሰረ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። እርሳሱን የቀማውን ልጅ በካልቾ ብሎታል። ደግነቱ ልጁ አልተጎዳም። እኔ ግን ጦፌ ማታውኑ ማሰልጠኛው ሄድኩ። «ዱላ ነው እንዴ የምታስተምሩት?» ልለው ነበር።

ሳቦም፣ አሰልጣኙ ማለት ነው፣ አስቀመጠኝና ልጄን ጠራው። አልጮኸበትም። «እስቲ መሐላህን በልልኝ» አለው። መሐላው አምስት መስመር ነው። ሁለቱን እንደ ውሃ አንበለበለው። ሦስተኛው «ቴኳንዶን ያለ አግባብ አልጠቀምበትም» የሚል ነው፤ እዚያ ላይ ድምፁ ጠፋ። ሳቦም ቢጫውን አስፈታውና ነጭ አስታጠቀው። ልጄ አለቀሰ። እውነት ለመናገር እኔም ሆዴ ባባ።

ከዚያ ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር። ቴኳንዶ የሚለውን ስም በ1955 እንደ ፈረንጆቹ ያወጡት ኮሪያዊው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው። ቴ እግር ነው፣ ኩዎን እጅ፣ ዶ ደግሞ መንገድ። «እግርና እጁን ማንም ያሳየዋል፤ አንቺ የምትከፍዪኝ ለዶው ነው» አለኝ። መንገዱ የሚባሉት አምስት ናቸው፦ ትህትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። ልጄ የወደቀው አራተኛው ላይ ነው ማለት ነው።

ቀለሞቹም ለጌጥ አይደሉም ለካ። ነጭ ገና ምንም የማያውቅ፣ ቢጫ ዘሩ ሥር የሚሰድበት መሬት፣ አረንጓዴ የሚያድገው ተክል፣ ሰማያዊ ተክሉ የሚያቀናበት ሰማይ ነው። ቀይ አደጋ ነው። ተጋጣሚን ራቅ በል ይላል፤ የታጠቀውንም እጅህን ሰብስብ ይለዋል። ይቺን በጣም ወደድኳት።

ፓተርን የሚሏቸው፣ በቅደም ተከተል የሚሠሩ የእንቅስቃሴ ልምምዶች፣ 24 ናቸው፣ በቀኑ ሰዓት ልክ። አንዱ ቹንግ ሙ ይባላል፤ በ1598 እንደ ፈረንጆቹ በባሕር ውጊያ ላይ ለሞቱት ለኮሪያዊው አድሚራል ዪ ሱን ሺን መታሰቢያ ነው። የሚያልቀው በግራ እጅ ምት ነው። ለንጉሣቸው ታማኝ ሆነው፣ ያላቸውን አቅም ሁሉ ሳያሳዩ መሞታቸውን ለማስታወስ ነው አለኝ። ልጣላ የሄድኩት ሴትዮ አፌን ከፍቼ ስሰማ አመሸሁ።

ልጄ ነጩን አንድ ወር ታጠቀ። በመካከሉ የመታውን ልጅ ማንም ሳይልከው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሳቦም ቢጫውን የመለሰለትም ከትምህርት ቤት አስተማሪው ጋር ደውሎ ከተነጋገረ በኋላ ነው። ክፍያ ቢዘገይም ልጅ አያባርርም፤ አርፍዶ የመጣ ግን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሳቦም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሜን አትጻፊ ስላልከኝ ነው የተውኩት።

ኮተቤ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። በስድስት ወር ጥቁር ቀበቶ የምትፈልጉ ግን ባትደክሙ ይሻላል። የምትሄዱም ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ ጫማ በር ላይ ነው የሚወልቀው፣ ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ ነው።