ከደሴ ሆኖ የድምፅ ሥራ መሸጥ፦ ለጣቢያ፣ በቴሌግራም ወይስ በውጭ ገበያ?

የባቲን የሰኞ ገበያ ቀርጬ ስመለስ የሁለት ሰዓት ድምፅ ይዤ ነበር። ግመሎች ያጓራሉ፤ ዋጋው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይቆረጣል። አንዲት እንስራ ሻጭ እንስራዋን በጣቷ ቋ፣ ቋ እያደረገች «ስማው ልጄ፣ ስንጥቅ የለበትም» ትላለች። ከዚያ ሁሉ 25 ደቂቃ ዝግጅት ወጣው። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ገዛውና አስተላለፈው፤ ደገመው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። የተከፈለኝ ግን የአንዱ ብቻ ነው፤ ውላችን ስለ ብዛት አንድም ቃል አልነበረውም።

ከወልዲያም ከኮምቦልቻም የሚደውሉልኝ አዘጋጆች «የትኛው የመሸጫ መንገድ ነው ኮሚሽኑ የሚያንሰው?» ይሉኛል። እኔ ግን አስቀድማችሁ «ብሩ እጄ የሚገባው በየት በኩል ነው?» በሉ እላለሁ። መንገዶቹን ያነጻጸርኩትም በዚሁ ነው።

ለጣቢያ መሸጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ይመጣል፣ ደንበኛ ማባበልም የለም። ነገር ግን ተባባሪ አዘጋጅነትን ከሽያጭ ጋር አታምታቱት። ተባባሪ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ከዚያ ስፖንሰር ይፈልጋል፤ ስፖንሰሩ ሲቀር ኪሳራው የራሱ ነው። ያለቀ ዝግጅት የሚሸጥ ሰው ግን የሚሸጠው ፈቃድ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለውን ነገር ባንድ መስመር ደረሰኝ አትስጡ። ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ በኤፍኤም ብቻ ይሁን ወይስ ጣቢያው ዩቲዩብ ላይም ይጫነው፣ ዋናው ቅጂ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይስፈር። እነዚህን አራቱን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ለብዙዎቻችን የማደላው ግን በቴሌግራም እየሸጡ በቴሌብር ወደ መቀበሉ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቅ ከተማውም የመርሳውም አድማጭ ካለበት ሆኖ ሊከፍል ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል ላይ የሁለት ደቂቃ ቅምሻ ትለቃላችሁ፤ የከፈለው ሰው ደረሰኙን ሲልክ ወደ ዝግ ቻናል ታስገቡታላችሁ። ዝግ ቻናሉ ላይ ፋይል ማውረድና ለሌላ መላክ የሚከለክለውን ማስተካከያ አብሩት። ሌላ ስልክ አጠገቡ አስቀምጦ የሚቀዳውን ግን ምንም አያግደውም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። ሌላው ችግር ድካሙ ነው። 200 ሰው 50 ብር ቢከፍል 10,000 ብር ነው፤ ግን 200 ደረሰኝ አንድ በአንድ ማየት አለባችሁ።

የፋይሉን መጠንም አስቡበት። 25 ደቂቃ ስቴሪዮ ዌቭ (ያልተጨመቀው የድምፅ ፋይል) 265 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ያው ሥራ ተጨምቆ በሞኖ ኤምፒስሪ፣ በ64 ኪሎቢት፣ 12 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለንግግር ደግሞ በቂ ጥራት አለው። አድማጫችሁ ከእናንተ ዋጋ በተጨማሪ የዳታም እየከፈለ ነውና ትንሹን ላኩለት፤ ዌቩ ለጣቢያውና ለመዝገባችሁ ይሁን። ስትልኩም በፋይል እንጂ በድምፅ መልእክት መልክ አትላኩ፤ ያኛው ድምፁን እንደገና ይጨምቀዋል።

ባንድካምፕ፣ ሙዚቃና ድምፅ የሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ለዲያስፖራው አድማጭ ያማረ ሱቅ ነው። ዋሽንግተን ያለው የወሎ ልጅ እናንተ ተኝታችሁ እያለ ይገዛል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይቆርጣል፤ ከ5 ዶላር 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይተርፋል፣ ከዚያም ላይ የክፍያ ማስተላለፊያው ይቀነሳል። እንቅፋቱ ሌላ ነው፦ የሚከፍለው በኢንተርኔት የገንዘብ ማስተላለፊያው በፔይፓል ነው፣ የኢትዮጵያ አካውንት ደግሞ በፔይፓል መላክ እንጂ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ውጭ አገር የሚኖር፣ ገንዘቡን በስሙ የሚቀበልላችሁ ዘመድ ያስፈልጋል። የቅርብ ዘመድም ቢሆን የሂሳቡን ነገር ጽፋችሁ ተስማሙ፤ ግብሩ እዚያ በእሱ ስም ሊመጣበት ይችላል። ደጋፊዎች በየወሩ የሚከፍሉበት ፔትሪዮን አዲስ ከሚገቡ አዘጋጆች 10 በመቶ ነው የሚወስደው፤ ነገር ግን በየወሩ አዲስ ሥራ ማቅረብ ለማይችል ሰው አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ አዘጋጆችን ከጣቢያዎች ጋር የሚያገናኘው ፒአርኤክስ አሠራሩ ያስቀናል፤ ገዢዎቹ ግን በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ጣቢያዎች ናቸው።

ዩቲዩብን ለማስተዋወቂያ ብቻ ተጠቀሙበት። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠይቃል፤ በአንድ ፎቶ ላይ የተጫነ ድምፅ እዚያ ለመድረስ ብዙ ይለፋል።

የትኛውንም ብትመርጡ የተቀረጸው ሰው ፈቃድ ይቀድማል። ባለፈው መንዙማ ላይ አንድ ዝግጅት ሠርቼ ነበር፤ ወደጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ተቀምጬ፣ ድቤው ሲመታ፣ አሚን ሲባል የቀረጽኩት። ወደ ቴሌግራም ሽያጭ ላወጣው ስል ወደ ሼሁ ተመለስኩ። «ለሬዲዮ ብለህ ነበር እኮ የነገርከኝ። ለገበያም ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አብረን ቁጭ ብለን ሰማነው። ስለ መንዙማው የተናገሩትን ሁሉ ፈቀዱልኝ፤ የዱዓውን አራት ደቂቃ ግን «ይህ አይሸጥም» አሉ። አሁን ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ፋይል አለ፦ ጣቢያ በነጻ የሚወስደው ሙሉው፣ እና ዱዓው የተቆረጠለት፣ 60 ብር የሚሸጠው።