ከኬሙሪ ባንድ ዘፈኖች የቱ ይበልጣል፣ "ኒው ጄኔሬሽን" ወይስ "አቶ ኢቺኔን"?

ኬሙሪን ብዙ ሰው አለማወቁ በጣም ነው የሚቆጨኝ! የጃፓን ስካ ፓንክ (የጃማይካ ስካ ሙዚቃና የፓንክ ሮክ ቅልቅል) ባንድ ናቸው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩ፣ ስማቸው ራሱ ጭስ ማለት ነው። ሁለቱም ዘፈኖች በ1997 የወጣው "ሊትል ፕሌይሜት" አልበም ላይ አሉ።

"ኒው ጄኔሬሽን" ለመጨፈር ነው፣ ትራምፔትና ትሮምቦኑ አንድ ላይ ሲገቡ መቀመጥ አይቻልም በቃ።

"አቶ ኢቺኔን" ግን ሌላ ነገር ነው (አቶ የኛው አቶ አይደለም፣ ርዕሱ "አንድ አመት ቀረ" እንደማለት ነው) ጊታሩን በኢርፎን ስትሰሙት በምቱ ላይ ሳይሆን በምቱና በምቱ መሀል ነው ቸክ ቸክ የሚለው፣ እኔ ማታ ከስራ ስወጣ እሱን ከፍቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ እግሬ ዝም አይልም፣ ሆዴን ደግሞ ባር ባር ይለኛል። ምረጥ ካላችሁኝ ይሄኛውን ነው።