«ናኖ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ነጭ ላስቲክ

ላስቲኩን ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ጅማ ገበያ ገዛሁት። ለቡና ማድረቂያ አልጋ ማልበሻ ነው። ውሃ አያሳልፍም፣ ነፋስም አላሸነፈውም። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ዱቄቱ ነው።

ከወራት በኋላ ላነሳው ስል መዳፌ ነጭ ሆነ፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ የተደገፍኩ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ እጥፋቱ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ጫፉን ስይዘው እጄ ላይ ቀረ።

«ጎትተኸው ይሆናል» ትለኛለህ፣ ወንድሜ ሻጩ። እንግዲያው ከዚያው ጥቅል የተረፈውን፣ መጋዘን ውስጥ የከረመውን ና እይ። ዛሬም በሁለት እጅ ብስበው አይቀደድም። የዋንዛው ጥላ የሚያርፍበት በኩልም ደህና ነው። ያለቀው ፀሐይ ያገኘው ብቻ ነው።

«ታይታኒየም ናኖ አለው፣ ፀሐይ አይበላውም» ብለህ ነበር የሸጥክልኝ። ናኖ ማለት በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ነው። የትኛው ታይታኒየም? ላስቲኩን የሚያነጣው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት እኮ አንድ ዓይነት አይደለም። አናቴዝ የሚባለው ከ390 ናኖሜትር በታች ያለውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲውጥ፣ ከአየሩ ኦክስጅንና ከእርጥበቱ የላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት የሚቆራርጡ ነገሮች ይፈጥራል። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚከፋፍል በ1972 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ውሃን ከከፋፈለ ላስቲክ ምን ያቅተዋል? ቅንጣቱ ናኖ ሲሆን ደግሞ ላስቲኩን የሚነካው ገጹ ስለሚሰፋ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ሩታይል የሚባለው ሌላው ዓይነት ረጋ ያለ ነው። ቅንጣቱ ዙሪያውን በሲሊካ ወይም በአሉሚና (የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ከተሸፈነ ጨረሩን ራሱ ውጦ ላስቲኩን ይጠብቃል። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ተቃራኒ! የኔው ላስቲክ ውስጥ የትኛው እንደገባ ጥቅሉ ላይ አልተጻፈም፤ ነጭ ዱቄቱ ግን የአናቴዝ ዓይነተኛ ምልክት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፣ እርጥበትም ሞልቷል።

ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያ ዱቄት የቀለምና የላስቲክ ብናኝ ነው፤ የሚራገፈውም ቡናዬ ላይ ነው። ቡናዬን የሚገዙኝ ሰዎች ጀንፈሉን በእጃቸው አፍሰው፣ አሽተው ነው የሚያዩት። እዚያ ላይ ነጭ ብናኝ አላሳይም።

ጥቁሩ ላስቲክ ሙቀት ይይዛል፣ እውነት ነው። በቀትር ቡና አላለብስበትም። ለሌሊትና ለዝናብ ግን ይሻለኛል። ውስጡ ያለው ካርቦን ብላክ የሚባለው ጥላሸት መሰል ጥቁር ዱቄትም ናኖ ነው፤ ግን ብርሃኑን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ደጅ የሚዘረጋው ጥቁር የውሃ ቱቦ 2 በመቶ ያህል የሚጨመርበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነጩን ለአልጋ አልገዛም፣ ለማንም አልመክርም። «ሩታይል ነው፣ የተሸፈነ ነው» የሚል ጽሑፍ ጥቅሉ ላይ ካሳየኸኝ እንነጋገራለን። የተረፈኝን መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ሥር አንጥፌዋለሁ፤ ብርሃን ስለማይደርስበት እዚያ ያገለግላል።