ስዊት ፒ ለቁርጥ አበባ፦ ነጠላ ግንድ ወይስ መረብ?

ስዊት ፒ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ መዓዛማ አበባ ያለው ተክል ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ የአበባ ዘንግ ለሚፈልግ ነጠላ ግንድ (ተክሉን በአንድ ቀንበጥ ብቻ ማሳደግ)፣ በትንሽ ድካም ብዙ አበባ ለሚፈልግ ደግሞ መረብ ይሻላል።

በነጠላ ግንድ አሠራር ችግኞቹ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላሉ፤ ለእያንዳንዱም 2.4 ሜትር ቀርከሃ ይቆምለታል። ችግኙ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጠንካራው ቀንበጥ ብቻ ይቀርና ሌላው ይቆረጣል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከቅጠሉ ብብት የሚወጣውን የጎን ቀንበጥና ከቅጠሉ ጫፍ የሚወጣውን ተጠምጣሚ ክር በየሳምንቱ መቀንጠስ፣ ግንዱንም በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በቃጫ ላላ አድርጎ ማሰር። ክሩ ከተተወ የአበባውን ዘንግ ይይዝና ያጎብጠዋል። ድካሙን የሚክሰው ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ዘንግ ነው። ግንዱ የቀርከሃው ጫፍ ሲደርስ ፈትቶ መሬት ላይ ያስተኙትና ጫፉን ራቅ ብሎ በቆመ ሌላ ቀርከሃ ላይ ያስወጡት።

መረቡ ቀላል ነው። ተክሉ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥሶ 2 ሜትር ከፍታ ባለው መረብ ላይ መልቀቅ ነው። አበባው ይበዛል፤ ዘንጉ ግን ወቅቱ ሲገፋ እያጠረ ይሄዳል። ለጓሮ አብዛኛውን በመረብ፣ አምስት ስድስቱን ብቻ በነጠላ ግንድ መያዝ ጥሩ ነው።

በሁለቱም አበባው በየሁለት ቀኑ፣ የላይኛው እምቡጥ ሳይፈነዳ ይቆረጥ፤ ዘር ከቋጠረ ማበቡን ያቆማል። እምቡጥ የሚረግፈው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሃው ሲዛባ ነው። ተክሉ የጓያ ዘመድ ስለሆነና ዘሩ መርዝ ስላለበት ልጆች እንዳይበሉት ይጠንቀቁ።